የክርስትና ስሟን የሰማሁ ቀን

ትናንት ስልኬን ስታስተካክዪልኝ፣ "የይለፍ ቃልህን ጻፍ" ብለሽ ፊትሽን ወደ መስኮቱ ዘወር አደረግሽ። ለአንቺ ተራ ጨዋነት ነው፤ ልብም አላልሽው ይሆናል። እኔ ግን ጣቴ ስልኩ ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ። "ረሳኸው እንዴ፣ አጎቴ?" አልሽኝ። አዎ አልኩሽ። አልረሳሁትም ነበር። ልክ እንደዚያ አንገቷን ዘወር ታደርግልኝ የነበረች ልጅ መጥታብኝ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ስላልተኛሁ ዛሬ ልንገርሽና ይውጣልኝ።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነው። ድርቁ አልፎ ዝናቡ ተመልሷል፤ ሰው ግን ገና ከእርዳታ እህል አልተላቀቀም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነጥብ ስላልመጣልኝ፣ ላሊበላ ከተማ ዳር በነበረው የእህል ማከፋፈያ በመዝጋቢነት ተቀጠርኩ። ቢሮ የምንለው ከመጋዘኑ በኮምፖርሳቶ የተከፈለ ጥግ ነበር። ጆንያና ናፍጣ ይሸታል። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ በቆርቆሮው የምስማር ቀዳዳዎች ትገባና የስንዴው ብናኝ በብርሃኑ ውስጥ ሲንሳፈፍ ይታያል። ውጭ ጄኔሬተሩ ከሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ሳያቋርጥ ይንደቀደቃል፤ ሲጠፋ ጆሯችን ለትንሽ ጊዜ ይጮኽ ነበር።

ኮምፒውተሩ የመጣው ከወልዲያ በእህል መኪና፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ነው። አንድ ትልቅ ሣጥን ነው፤ ከእሱ በገመድ የተያያዙ አራት ስክሪኖች አሉት፤ ፊደሎቹ አረንጓዴ ናቸው። አራት ሰው በአንድ ጊዜ ይሠራበታል ሲሉን አላመንንም። ንብረት ያዣችን፣ ከቆላው የመንገድ ከተማ የመጡ ሸምገል ያሉ ሙስሊም፣ ሁለቴ ዞረው አዩትና "ወላሂ፣ አንድ ሆድና አራት አፍ ነው። ይሄንስ ማን ይቀልበዋል?" አሉ። አራቱ አፎች የተደለደሉት ለአለቃችን፣ ለእሳቸው፣ ለእኔና ለእሷ ነበር።

እሷ የፍላቂት ልጅ ናት። ከእኔ በአንድ ዓመት ብትበልጥ ነው። ረዥም አልነበረችም፣ ውብ ናት ብለው የሚያወሩላትም ዓይነት አልነበረችም፤ እኔ ግን ጠዋት ወደ ቢሮ ስገባ መጀመሪያ የማየው ወንበሯን ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፣ እወዳት ነበር። አልነገርኳትም። ለመናገር ጊዜ ያለኝ መስሎኝ ነበር።

ከአዲስ አበባ ከማሽኑ ጋር የመጣው ባለሙያ ሦስት ቀን አስተማረን። እኛ የትኛው ቁልፍ የት እንዳለ ስንፈልግ እሷ ጨርሳ እጇን አጣጥፋ ትቀመጣለች። በሦስተኛው ቀን ባለሙያው ስሟን ማስታወሻው ላይ ጻፈ። ከዚህ አንድ ሰው አዲስ አበባ ሄዶ ለአንድ ዓመት ይማራል፣ ደብዳቤው ሲመጣ የምትሄደው አንቺ ነሽ አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷ የትም ብትሆን፣ ወረፋ ላይ ቆማም ቢሆን፣ ጣቶቿ ጭኗ ላይ ፊደል ይለማመዱ ነበር።

ባለሙያው ለያንዳንዳችን መግቢያ ስም ሰጠን። የያንዳንዳችንም ሥልጣን ተለየ። እኔ አዲስ አባወራ ማስገባት እችላለሁ፤ አንዴ የገባውን መለወጥ ግን አልችልም። መለወጥ የምትችለው ከአለቃችን ቀጥሎ እሷ ብቻ ነበረች። ከዚያ "አሁን ደግሞ የሚስጥር ቃል ምረጡ" አለን። "ማንም የማያውቀው፣ እናንተ ግን እስክትሞቱ የማትረሱት ይሁን።"

እስቲ አስቢው። አንቺ ከተማ ነው ያደግሽው። እኛ አገር ይህ ሲባል ሁሉም ሰው የሚያስበው አንድ ነገር ነው፤ የክርስትና ስሙን። ጠላት እንዳያስጠነቁልበት፣ መተት እንዳይሠራበት ተብሎ ለማንም አይነገርም። ለቁርባን፣ ለጠበል፣ ለፍትሐት ካልሆነ አይጠራም። ሰውየው ግን አይረሳውም። ለእኛ ከዚያ የተሻለ ቁልፍ ከየት ይመጣል? ባለሙያው የባዕድ አገር ሰው ቢሆን አይፈረድበትም፤ የአዲስ አበባ ልጅ ሆኖ ምን እንደመረጥን አልጠረጠረም።

ንብረት ያዡ "እኔ የክርስትና ስም የለኝ፣ የበቅሎዬን ስም አደረግሁ" ብለው በግልጽ ነገሩን። በቅሏቸውን በየጠዋቱ በር ላይ ስሟን እየጠሩ የሚያስሯት መሆኑን ረስተውታል። አለቃችን የፓርቲ አባል ስለነበር "የኔ አብዮት ነው" አለን፤ ለማስተማር ያህል። አብዮት በእንግሊዝኛ ፊደል ቢበዛ ስድስት ነው፤ ሲጽፍ ግን ጣቱ አሥራ ሦስት ጊዜ ወርዳ ስትነሳ ቆጥረን፣ እኔና እሷ እንዳንስቅ ከንፈራችንን ነከስን። "ኃይለ ማን ይሆን?" አለችኝ በኋላ በሹክሹክታ።

ባለሙያው በየወሩ ቀይሩት ብሎን ነበር። ወሩ ሲያልቅ አስታወስኳት። ሳቀች። "የክርስትና ስም ይቀየራል እንዴ? ቄሱና እግዜር ብቻ ናቸው የሚያውቁት፤ እነሱ ደግሞ ኮምፒውተር አይነኩም።" ያም ሆኖ እኔ ስጽፍ ሁልጊዜ አንገቷን ወደ ግድግዳው ታዞር ነበር። ስትጽፊ ስክሪኑ ላይ ምንም አይታይም፤ እንደ ዛሬው ነጥብ እንኳ የለም። እሷ ግን ጣቴንም አታይም።

በክረምቱ መጨረሻ ታመመች። ትኩሳት ነው፤ ክኒን ወሰደች፣ አልተዋትም። ዘመድ አልነበራትምና ለጠበል እኔ ወሰድኳት። ሰባት ጠዋት ነጠላዋንና ጫማዋን ይዤ ጠበሉን ከሚጋርደው ድንጋይ ወዲህ ማዶ እቆማለሁ፤ እሷ ከወዲያ ናት። ጭጋጉ እርጥብ ነው፣ የጠንበለልና የእርጥብ አለት ሽታ አለው። ቄሱ በመጀመሪያው ቀን "ስመ ጥምቀትሽ ማነው፣ ልጄ?" ሲሏት ሰማሁ። ቀስ ብላ መለሰች። ቄሱ ጆሯቸው ደከም ያለ ነበርና "ጎላ አድርጊው" አሏት። ጎላ አደረገችው።

ስትወጣ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ ነበር። ነጠላውን ሳለብሳት ቀና ብላ አየችኝና "አልሰማህም አይደል?" አለችኝ።

"አልሰማሁም" አልኳት።

ስሙን ለአንቺም አልነግርሽም። ያን ጊዜ ግን ያ ስም ለእኔ ምን እንደነበር ልንገርሽ። እናቷና ቄሱ ብቻ የሚያውቁትን ነገር ይዤ ስሄድ፣ የሆነ ነገር የሰጠችኝ ይመስለኝ ነበር። ወደ ኮምፒውተር አንድም ቀን አላሰብኩትም። ማታ ስተኛ እጠራው ነበር፣ በቃ።

በጥቅምት የሰፈራው ዝርዝር መጣ። የገበሬ ማኅበራቱ ሊቀመናብርት ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚሄዱ አባወራዎችን በእጅ ጽፈው ያመጣሉ፤ እኛ ማሽኑ ላይ ከነበረው መዝገብ ስማቸውን ፈልገን ከፊቱ አንዲት ፊደል እናደርጋለን። ያቺ ፊደል ያለችበት ሁሉ በታተመው ዝርዝር ይወጣል፣ በቀጠሮው ቀን መኪና ይሳፈራል። የገነተ ማርያምን አካባቢ ዝርዝር የማስገባት ተራ የእሷ ነበር። እኔ ወረቀቱን እያነበብኩላት ነበር። ሁለተኛው ገጽ መካከል ላይ የእናቴን ስም አየሁ።

አነበብኩት። የእናቴ መሆኑን አላወቀችም፤ በአባቷ ስም ነው የተጻፈችው። ጣቷ ሄደ፣ ፊደሏ ተቀመጠች፣ ወደሚቀጥለው አለፍን።

እሑድ ገነተ ማርያም ሄድኩ። እናቴ ወሬውን ሰምታለች። ሁለት በሬዎቿ በድርቁ ሞተዋል፣ አንዲት ልጅ አለቻት፣ እሷም የአንቺ እናት ናት፣ ያኔ አሥር ዓመቷ ነው። እናቴ አላለቀሰችም። በሩ ላይ ተቀምጣ ባቄላ ትፈለፍል ነበር።

"አባትህ እዚህ ነው ያለው" አለችኝ በአገጯ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ እያመለከተች። "እኔን ቆላ ወስደው የት ሊቀብሩኝ ነው?"

"አትሄጂም፣ እማ" አልኳት።

"አንተ ምን ታደርጋለህ፣ ልጄ? ጸሐፊ እንጂ ሹም አይደለህ።"

ሰኞ አለቃችን ዘንድ ገባሁ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሚፈራ ሰው ነበር። "ጓድ፣ ለእናት ተብሎ ከዝርዝር አይሰረዝም" አለኝ። "ዛሬ ያንተን ብሰርዝ ነገ ግማሹ ላስታ በራፌ ላይ ይሰለፋል። እኔን ደግሞ የሚጠይቀኝ አለ። ይህን እንደነገርከኝ አልሰማሁም፣ ውጣ።"

ለምን እሷን አልጠየቅሁም? ይህን ራሴን ስንት ዓመት ጠይቄዋለሁ መሰለሽ። ያን ጊዜ ለራሴ የነገርኩት ምክንያት፣ ካልነገርኳት ከጥፋቱ አላስገባትም የሚል ነበር። ሸጋ ምክንያት ነው። እውነቱ ግን እንቢ ብትለኝ ብዬ ፈራሁ። የአዲስ አበባው ደብዳቤ መምጣቱ ነው፤ እንቢ ብትል ልክ ነበረች፣ እኔ ደግሞ ከዚያ በኋላ አላያትም ነበር። ብጠይቃት እሺ ትለኝ እንደነበር አሁን አውቃለሁ።

በወሩ ሃያ አንድ፣ በማርያም ቀን፣ ሁልጊዜ እንደምታደርገው ኪዳን ልታደርስ ቤተ ማርያም ሄደች። አለቃችን እንዳያውቅ እኔና ንብረት ያዡ እንሸፍንላት ነበር፤ አለቃችን ራሱ ከአራት ሰዓት በፊት አይገባም። ጄኔሬተሩ ተነሣ። ንብረት ያዡ በር ላይ የመኪና ጭነት ያስቆጥራሉ። እኔ በራሴ ስክሪን ፊት ተቀምጬ የእሷን መግቢያ ስም ጻፍኩ። ከዚያ ያንን ሌላውን ስም፣ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ አንድ በአንድ። ስክሪኑ ላይ ምንም አልታየም። አንዴ ተሳሳትኩ፣ እንደገና ጻፍኩት። ማሽኑ እኔን እሷ ብሎ ተቀበለኝ።

ከእናቴ ስም ፊት ያለችውን ፊደል አጠፋሁና ወጣሁ። አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ቀና ስል ንብረት ያዡ በሩ ላይ ቆመው ያዩኛል። ያዩት እኔ ማሽን ላይ መቀመጤን ብቻ ነው፤ ሌላ ምን ሊያዩ ይችላሉ። "ደህና አደርክ" አሉኝና ወደ ጭነታቸው ተመለሱ።

ዝርዝሩ ታተመ፣ መኪናዎቹ መጡ፣ ሄዱ። እናቴ አልሄደችም። ቤቶች ባዶ ሆኑ፤ በዚያ ሳምንት በየመንገዱ የቀሩት ውሾች ሲያላዝኑ ይሰማ ነበር። እኔ ስለሌሎቹ አላሰብኩም ብልሽ ውሸት ይሆናል፤ ግን ከሁሉም በላይ ደስ ብሎኝ ነበር። አሥር ቀን ያህል ደስ ብሎኝ ነበር።

ሊቀመንበሩ በእጅ የጻፈውን ከታተመው ጋር አስተያይቶ አንድ አባወራ ጎደለኝ ብሎ መጣ። አለቃችን ማሽኑን ጠየቀው። ያ ማሽን አንድ ጥሩ ጠባይ ነበረው፣ ወይም ክፉ ጠባይ፤ ማን ምን እንደለወጠና በስንት ሰዓት እንደለወጠ ይጽፍ ነበር። የእሷ ስም ወጣ፤ ሃያ አንድ ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ።

አለቃችን ሦስታችንንም አቆመን። እናቴ መሆኗን ያውቃል፤ አልሰማሁም ብሎኝ ነበርና እኔን ግን አልጠየቀኝም። ወረቀቱን ለእሷ ሰጣት። "ይህ አንቺ ነሽ?"

አነበበችው። ቀኑን አየች፣ ሰዓቱን አየች። የተሰረዘውን ስም አየች፤ ከጎኑ ቀበሌው፣ ገነተ ማርያም፤ አገሬ መሆኑን ታውቃለች። ከዚያ ቀና ብላ እኔን አላየችም። ያን ነው እስከ ዛሬ የማልረሳው፤ አላየችኝም። ግድግዳውን ነበር የምታየው፣ የሚስጥር ቃሌን ስጽፍ እንደምታደርገው።

"በዚያ ሰዓት የት ነበርሽ?" አላት።

ቤተ ማርያም ነበርኩ ብትል በቃ። ለተግሣጽ ትዳረጋለች፣ ደመወዝ ትቀጣለች፣ ግን ነፃ ናት። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያዩዋት ሰዎች ነበሩ። ቄሱም ነበሩ። ንብረት ያዡ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እዚሁ ነበርኩ" አለች። "እኔ ነኝ ያጠፋሁት። አሮጊት ናቸው ሲሉኝ አሳዘኑኝ።"

እኔስ? እኔ ቆሜ ነበር። እኔ ነኝ ብል እናቴን እንደገና ይጽፏታል፣ ብዬ አሰብኩ፤ ይህም ሸጋ ምክንያት ነው። ለሁሉም ነገር ሸጋ ምክንያት ነበረኝ። ንብረት ያዡ ሲወጡ በአጠገቤ አልፈው "አንተ ልጅ፣ አላህ ይወቅልህ" አሉኝ። ከዚያ በኋላ አብረን በሠራንባቸው ወራት ከሰላምታ በቀር አላናገሩኝም።

ከሥራ ታግዳ፣ ለወልዲያው ዋና ቢሮ የተጻፈ ደብዳቤ ተሰጥቷት በባዶ የእህል መኪና ተላከች። በጠዋት ነበር። ንፋስ ነበር፣ ከጋቢናው በር ሥር ገለባ ይሽከረከራል። ሻንጣዋን አቀበልኳት። አንድ ነገር ልል ፈልጌ የማልፈልገውን አልኩ፤ "ብርድ እንዳይመታሽ" አልኩ። እሷ ከጉያዋ ደብተር አወጣች። ባለሙያው ያስተማረንን ሁሉ በራሷ አማርኛ፣ በተራ በተራ የጻፈችበት ነበር።

"ያዘው" አለችኝ። "ይህን የሚሠራ ሰው ይፈልጋሉ። ከአንተ በቀር ማን አላቸው?"

እንዳለችውም ሆነ። አዲስ አበባ የሄድኩት እኔ ነኝ። ደብዳቤው ላይ የእሷ ስም ተሰርዞ የኔ ተጻፈ። በእሷ ደብተር ተማርኩ፣ በእሷ ደብተር አለፍኩ፣ ከዚያ ሠላሳ ዓመት በኮምፒውተር እንጀራ በላሁ። አንቺም የተማርሽው፣ ይህም ቤት የተሠራው በዚያ ነው። ሰው "አጎትሽ ኮምፒውተርን በአገሩ ከጀመሩት አንዱ ነው" ሲልሽ ደስ ይልሻል፤ እኔ ዝም እላለሁ፤ ትሕትና ይመስልሻል።

የዚያ ዓመት መኪናዎች ሄደው ስላበቁ እናቴን እንደገና የጻፋት የለም። ሥርዓቱ ተለወጠ። እናቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረች። እሷን እንደገና ያገኘኋት ግን እናቴን ከቀበርን በኋላ ነው። ወደ ጎንደር ስሄድ ሚኒባሱ ፍላቂት ገበያ ላይ ቆመ፤ ብርድ ነበር፣ ወርጄ ከገብስ ሻጮቹ መካከል ገባሁ። የሚቆላ ገብስ ሽታ ነበር። "አንተ ነህ?" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጎልማሳ ሴት፣ ፊቷ በብርድ የጠቆረ፣ ከፊቷ ጆንያ። ድምፁ ያው ነው።

ተሳሳምን፣ ትከሻ ተጋጨን። ሦስት ልጆች እንዳሏት ነገረችኝ። እኔ ስንት ጊዜ ያጠናሁት ንግግር ነበረኝ።

"እናትህስ?" አለችኝ። "ደህና ናቸው?"

"አረፈች። ባለፈው ዓመት።"

"ነፍስ ይማር" አለች። "የት ተቀበሩ?"

"ገነተ ማርያም። ከአባቴ ጎን።"

ራሷን ቀስ አድርጋ ነቀነቀች። "ተመስገን" አለች። የምር አለችው፤ ፊቷ ላይ አየሁት። እኔ ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት ረዳቱ ተሳፋሪዎችን ጠራ። እሷ ቀደመችኝ።

"ያ ትምህርት ግን" አለችኝ፣ ገብሱን በእጇ እየዘገነች፣ እየመለሰች፣ "ከባድ ነበር?"

"አልነበረም" አልኳት። "አንቺ ብትሆኚ በግማሹ ጊዜ ትጨርሺው ነበር።"

"አውቃለሁ" አለች። አልተቆጣችም፣ አልሳቀችም። እንደዚያ ብቻ አለችና ገብስ ልትገዛ ወደ ቆመችው ሴት ዞረች።